አንድ ባሕር፣ ሁለት ጉዞ፦ ቫስኮ ዳ ጋማ በ23 ቀን ሄዶ በ89 ቀን ለምን ተመለሰ?

ኤፕሪል 24 ቀን 1498 ሦስት የፖርቱጋል መርከቦች በዛሬዋ ኬንያ ጠረፍ ካለችው ማሊንዲ ተነሡ። መሬት ሳያዩ 23 ቀን ከተጓዙ በኋላ የሕንድ ተራሮች ታዩአቸው። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 እነዚያው መርከቦች አንጄዲቫ ከምትባል የሕንድ ደሴት ተነሥተው ወደ አፍሪካ አቀኑ። ሞቃዲሾን ያዩት ጃንዋሪ 2 ቀን 1499 ነው። 89 ቀን መሆኑ ነው።

መርከቦቹ ያው ናቸው። አዛዡም ያው ቫስኮ ዳ ጋማ ነው። ኮምፓሱ፣ የፀሐይን ከፍታ የሚለካው አስትሮላብ፣ የፀሐይ ሠንጠረዡ አልተለወጠም። ርቀቱስ? እሱማ ጭራሽ በመመለሻው ያንሳል። ከማሊንዲ መርከቦቹ እስከ ደረሱባት የሕንድ ወደብ እስከ ካሊከት በቀጥታ ቢለካ ወደ 4,200 ኪሎ ሜትር ነው። ከአንጄዲቫ እስከ ሞቃዲሾ ደግሞ 3,500 ገደማ። ሲሄዱ በቀን በአማካይ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የገፉ መርከቦች ሲመለሱ 40 እንኳ አልሞላላቸውም።

ብዙ ጊዜ የሚተረከው የመሄጃው ታሪክ ነው። ድሉ እዚያ ስለሆነ አይገርምም። እኔ ግን ስለ ባሕር ጉዞ ዘዴ መማር የሚፈልግ ሰው ከመመለሻው ቢጀምር ይሻላል ባይ ነኝ። መሣሪያ ምን እንደሚያውቅና ምን እንደማያውቅ ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ስለ ቀኖቹ አንድ ነገር ልበል። ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ያውም በዘመኑ በነበረው በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር። ከዛሬው ጋር ለማስተያየት 9 ቀን መጨመር ያስፈልጋል። የነፋስ ወራትን ስናወራ 9 ቀን ቀላል አይደለም።

አትላንቲክ ላይ የታየው ችሎታ

ዳ ጋማ ከሊዝበን የወጣው ጁላይ 8 ቀን 1497 ነው። አራት መርከቦች ነበሩት። እሱ በሳኦ ጋብሪኤል፣ ወንድሙ ፓውሎ በሳኦ ራፋኤል፣ ኒኮላው ኮኤልዮ በቤሪዮ ላይ ነበሩ። አራተኛዋ የስንቅ መርከብ ነበረች። እሷን ደቡብ አፍሪካ ሲደርሱ ስንቋን አራግፈው አፈራርሰዋታል።

ዳ ጋማ ራሱ አዛዥ ነው። መንገዱን የሚያውቁት ግን ከሥሩ ያሉት የመርከብ መሪዎች ነበሩ። ከእነሱም ዋናው ፔሮ ደ አለንከር ይባላል። ይህ ሰው በ1488 ከባርቶሎሜዩ ዲያስ ጋር ሆኖ በአፍሪካ ደቡብ ጫፍ አካባቢ ያለውን ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕን ዞሯል። ስሙ ብዙም አይነሣም፤ በእኔ እምነት ግን የመጀመሪያው አጋማሽ ጉዞ የእሱ ነው።

መርከቦቹ በኬፕ ቨርዴ ደሴቶች ካለችው ሳንቲያጎ ኦገስት 3 ቀን ተነሡ። ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር በዘመኑ ለነበረ ሰው እብደት ይመስላል። የአፍሪካን ጠረፍ ይዘው ወደ ደቡብ በመውረድ ፋንታ ፊታቸውን ወደ ሰፊው አትላንቲክ አዞሩ።

ምክንያት ነበራቸው። በጊኒ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ነፋሱ ይሞታል፤ ሸራው ይንጠለጠላል። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ ነፋሱም የባሕሩ ሞገድም ከደቡብ ይመጣል። ፊት ለፊት መግጠም ማለት ነው። ዲያስ በዚያ በኩል ሲወርድ ምን ያህል እንደተቸገረ አለንከር በዓይኑ አይቷል። ስለዚህ ነፋሱን ከመታገል ይልቅ ነፋሱ ወደሚወስዳቸው ሄዱ። ወደ ደቡብ ምዕራብ እየሰፉ ወረዱ፣ ከዚያ ከምዕራብ የሚነፍሰውን ነፋስ ሲያገኙ ወደ ምሥራቅ ታጠፉ።

መሬት ያዩት ኖቬምበር 4 ነው። ከሳንቲያጎ ከወጡ 93 ቀን ሆኗል። ኮሎምበስ ከአምስት ዓመት በፊት ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ መሬት ሳያይ የቆየው ከአምስት ሳምንት ብዙም አይበልጥም። እነዚህኞቹ ሦስት ወር ሙሉ ከሰማይና ከውኃ በቀር ምንም ሳያዩ ከርመው የደረሱት ሴንት ሄለና ወደሚባለው የደቡብ አፍሪካ ባሕረ ሰላጤ ነው። ካሰቡት ከኬፑ በስተ ሰሜን ጥቂት ብቻ ፈቀቅ ብለው።

ሦስት ወር ሰማይ ላይ ምን ያዩ ነበር?

የሰሜን ኮከብ ከምድር ወገብ በታች አይታይም። ለአውሮፓ መርከበኛ ይህ ከባድ ነገር ነበር። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ኮከቡ ከአድማስ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚታይ ከተለካ ያለህበት ኬክሮስ በግምት ይታወቃል። ኮከቡ ከጠፋ ግን ሌላ መላ ያስፈልጋል።

መላው ፀሐይ ሆነች። ችግሩ ፀሐይ አንድ ቦታ አትቆምም። በዓመት ውስጥ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም ትመላለሳለች። ስለዚህ በየቀኑ የት እንዳለች የሚነግር ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ፖርቱጋሎች ይህን ያገኙት በተለይ ከአብርሃም ዛኩቶ ነው። ዛኩቶ የሳላማንካ አይሁዳዊ የሥነ ፈለክ ሊቅ ነበር። በ1492 አይሁድ ከስፔን ሲባረሩ ወደ ፖርቱጋል ተሰደደ። ሠንጠረዦቹ በ1496 ሌይሪያ በምትባል የፖርቱጋል ከተማ ታተሙ። ዳ ጋማ የተነሣው በዓመቱ ነው።

አሠራሩን በምሳሌ ላሳይ። ቁጥሮቹ የእኔ ስሌት ናቸው። መርከቦቹ ሴንት ሄለና በደረሱበት ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 76 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ከአናት ልክ 14 ዲግሪ ራቀች ማለት ነው። ሠንጠረዡ ደግሞ በዚያ ቀን ፀሐይ ከምድር ወገብ 19 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ መውረዷን ይናገራል። ፀሐይዋ ከእኛ ወደ ሰሜን ከሆነች ሁለቱን እንደምራለን። 14 ሲደመር 19፣ 33 ዲግሪ ደቡብ። ትክክለኛው ቦታ 32 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ገደማ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በሚናወጥ መርከብ ላይ ግን አስትሮላቡ ይወዛወዛል፤ ጥቂት ዲግሪ መሳሳት ብርቅ አይደለም። አንድ ዲግሪ ደግሞ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ሴንት ሄለና ሲደርሱ መጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ትልቁን የእንጨት አስትሮላብ ወደ መሬት ማውረድ ነበር። በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ሰቅለው ፀሐይን ለኩ። ትንንሾቹ የነሐስ አስትሮላቦች መርከብ ላይ አልታመኑም ነበር። አለንከር ከኬፑ ያለው ርቀት ቢበዛ 30 ሊግ ነው አለ። አንድ ሊግ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ በካርታ ቢለካ ግምቱ ከሞላ ጎደል ልክ ነው።

ምሥራቅና ምዕራብን የሚለይ፣ ማለትም ኬንትሮስን የሚለካ መሣሪያ ግን አልነበራቸውም። ማንም አልነበረውም። ያላቸው ግምት ነው። ኮምፓስ አቅጣጫውን ይነግራል፤ በየግማሽ ሰዓቱ የሚገለበጥ የአሸዋ ሰዓት ጊዜውን ይቆጥራል፤ ፍጥነቱን የመርከቡ መሪ በዓይኑ ይገምታል። ሦስቱን አጣምሮ ካርታ ላይ ነጥብ ያደርጋል። ሦስት ወር እንዲህ ተሰልቶ እንዲህ መገጣጠሙ ቀልድ አይደለም።

ማሊንዲ፦ ያልተደነቀው ሰው

ኬፑን ኖቬምበር 22 ዞሩ። በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ሲወጡ ግን ነገሩ ተለወጠ። ሰው የማይሄድበትን ባሕር እያለፉ የመጡት ሰዎች ድንገት የሚበዛበት መንገድ ላይ ወጡ። ሞዛምቢክ፣ ሞምባሳ፣ ማሊንዲ የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች ለዘመናት የተመላለሱባቸው ወደቦች ናቸው።

ሞዛምቢክ ላይ አንድ ለእኛ ደስ የሚል ነገር ተፈጠረ። ካህኑ ንጉሥ ዮሐንስ፣ ማለትም ፈረንጆቹ ፕሬስተር ጆን የሚሉት፣ ቅርብ ነው፣ በጠረፉም ብዙ ከተሞች አሉት፣ ነጋዴዎቹም ትልልቅ መርከብ አላቸው ተባሉ። ከመርከበኞቹ አንዱ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ከደስታ የተነሣ እንዳለቀሱ ይናገራል። በዚያን ጊዜ ነጋሢው ዐፄ ናዖድ ነበሩ። ደገኛው ንጉሥ የሕንድ ውቅያኖስ መርከቦች እንዳሉአቸው ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

ሞምባሳ ላይ አልተስማሙም። የሞምባሳ ተፎካካሪ የነበረው የማሊንዲ ገዥ ግን ተቀበላቸው፤ መንገድ መሪም ሰጣቸው። ይህ ሰው ማን ነበር የሚለው ብዙ አከራክሯል። ለረጅም ጊዜ ታዋቂው የዐረብ መርከበኛ አሕመድ ኢብን ማጂድ ነው ይባል ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ የታሪክ ሰዎች ይህን አይቀበሉም። የፖርቱጋል የታሪክ ጸሐፊዎች የጉጃራት ሰው ይሉታል።

ከእነሱ አንዱ፣ ጆአዎ ደ ባሮሽ፣ የጻፈው አንድ ታሪክ አለ። ዳ ጋማ ያንን ትልቅ የእንጨት አስትሮላብ ለመንገድ መሪው አሳየው። ሰውዬው አልተደነቀም። የቀይ ባሕር መርከበኞች የፀሐይንና የኮከብን ከፍታ የሚለኩበት የራሳቸው የነሐስ መሣሪያ አላቸው አለ። እሱና የሕንድ መርከበኞች ደግሞ ሌላ ከእንጨት የተሠራ እንደሚጠቀሙ ተናገረ። ካርታም አውጥቶ አሳያቸው። ባሮሽ የጻፈው ከጉዞው አምሳ ዓመት ያህል ቆይቶ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ማመን አያስፈልግም። ዋናው ነገር ግን እውነት ነው። በዚያ ባሕር ላይ ካማል የሚባል መሣሪያ ነበር። ትንሽ የእንጨት ሰሌዳና ቋጠሮ ያለው ገመድ ነው። ገመዱን በጥርስ ነክሶ ሰሌዳውን በአድማስና በኮከብ መካከል በመያዝ ከፍታው ይለካል። እያንዳንዱ ወደብ የራሱ ልክ ነበረው። ልኩ ላይ እስክትደርስ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ትሄዳለህ፤ ከዚያ ልኩን ሳትለቅ ወደ ጠረፉ ትነዳለህ።

ከማሊንዲ በተነሡ በአምስተኛው ቀን፣ ኤፕሪል 29፣ የሰሜን ኮከብን እንደገና አዩ። ማስታወሻ ጸሐፊው ይህን መዝግቦታል፤ ለብዙ ጊዜ አይተነው አናውቅም ነበር ይላል። ሜይ 18 ተራራ ታየ። ሜይ 20 ካሊከት አጠገብ መልህቅ ጣሉ። ነፋሱ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር።

የካሊከቱን ቆይታ በአጭሩ ላሳልፈው። ለንጉሡ ያቀረቡት ስጦታ ጨርቅ፣ ባርኔጣ፣ የኮራል ዶቃ፣ መታጠቢያ ሳህን፣ ስኳር፣ ዘይትና ማር ነበር። የንጉሡ ሰዎች ሳቁ። የመካ ድሃ ነጋዴ እንኳ ከዚህ የተሻለ ያመጣል አሏቸው። የሂንዱ ቤተ መቅደስ ገብተውም ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ጸለዩ። ንግዱ አልሆነም፤ ነገሩ ከረረ፤ ዕቃቸውም ሰዎቻቸውም ተያዙ፤ እነሱም በተራቸው ሰው ያዙ። ኦገስት 29 ተጣልተው ወጡ።

89 ቀን

እዚህ ጋ ነው ጉዳዩ። የተነሡበትን ቀን የመረጠው ጠቡ ነው። ነፋሱን የጠየቀ የለም።

በሰሜኑ የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ በዓመት ሁለት ጊዜ ይገለበጣል። ሞንሱን የሚባለው ይህ ነው። በበጋቸው የእስያ ምድር ይግላል፤ አየሩ ይነሣል፤ ከባሕሩ ወደ መሬቱ ነፋስ ይስባል። በእኛ አገር ክረምት በሚባሉት ወራት ማለት ነው፤ የእኛም ዝናብ ከዚሁ የአየር ለውጥ ጋር የተያያዘ ነው። ያኔ ከአፍሪካ ወደ ሕንድ መንገዱ ክፍት ነው። ከኖቬምበር ወዲያ ደግሞ የእስያ ምድር ይቀዘቅዛል፤ ነፋሱ ከሰሜን ምሥራቅ ወደ አፍሪካ ይነፍሳል። በሁለቱ መካከል፣ በተለይ በኦክቶበር፣ ነፋሱ ይዳከማል፤ ቦታውንና አቅጣጫውን ይቀያይራል፤ ጭራሽ የሚጠፋበትም ቀን አለ።

ዳ ጋማ ሲሄድ የተነሣው በዛሬው አቆጣጠር በሜይ መጀመሪያ ነው። የደቡብ ምዕራቡ ነፋስ ሊበረታ ሲል። ከዚያ የተሻለ ቀን ማግኘት ይከብዳል። ሲመለስ ግን ከካሊከት የወጣው ያው ነፋስ ገና ሳያልቅ ነው፤ አንጄዲቫን የለቀቀው ደግሞ በኦክቶበር አጋማሽ፣ በክፉው መሸጋገሪያ ላይ።

አንጄዲቫ ላይ ለምን አልቆየም? ደሴቲቱ ውኃ ነበራት። መርከቦቹንም እዚያው ጠግነዋል። ነገር ግን ሊወጓቸው መርከብ እየተሰበሰበ መሆኑን የሚናገር ወሬ ደረሳቸው። ፈሩ። እኔ አልፈርድባቸውም። አንድ ወር ተኩል ቢታገሡ ኖሮ በተሻለ ነፋስ በወጡ ነበር፤ ከዚያ በፊት ግን ሊማረኩም ይችሉ ነበር።

ባሕሩ መሐል የሆነውን ማስታወሻው በጥቂት መስመር ብቻ ነው የሚናገረው። ፀጥታ፣ ከዚያ ፊት ለፊት ነፋስ፣ ከዚያ እንደገና ፀጥታ። ስከርቪ ገባ። ድዳቸው አብጦ ጥርሳቸውን ሸፈነ፤ መብላት አቃታቸው፤ እግራቸው አበጠ። ዛሬ የቫይታሚን ሲ እጥረት መሆኑን እናውቃለን። 30 ሰው ሞተ። ከዚያ በፊትም ሌላ 30 ያህል ሞተው ነበር። በመጨረሻ በእያንዳንዱ መርከብ ሥራ መሥራት የሚችሉ ሰባት ወይም ስምንት ሰዎች ቀሩ። እነሱም ጤነኞች አልነበሩም።

አለቆቹ ተሰብስበው ተመካከሩ። ወደ ኋላ የሚወስድ ነፋስ ከተገኘ ወደ ሕንድ እንመለስ ብለው ተስማሙ። ያን ያህል ተስፋ ቆርጠዋል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች መሣሪያ አላጡም። አስትሮላቡ ይሠራል። ሠንጠረዡ ልክ ነው። ኮምፓሱ አቅጣጫውን ይነግራል። ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ቢያውቁም የሚያንቀሳቅሳቸው ነፋስ ግን አልነበረም። የማሊንዲው ሰው ከካማሉ በተጨማሪ የያዘው ዕውቀት፣ መቼ ሸራ እንደሚዘረጋና መቼ ወደብ ውስጥ እንደሚቆይ፣ በየትኛውም የነሐስ መሣሪያ ላይ አልተቀረጸም።

ከዚያ ነፋስ መጣ። ማስታወሻ ጸሐፊው እግዚአብሔር በምሕረቱ ላከልን ይላል። በስድስት ቀን መሬት አሳያቸው። ቀኑን ስታዩት ዲሴምበር መጨረሻ ነው፤ የሰሜን ምሥራቁ ሞንሱን አገሩን የያዘበት ጊዜ። ከ83 ቀን ልፋት በኋላ የቀረውን መንገድ በስድስት ቀን! ምሕረቱን አልክድም፤ ግን ያ ነፋስ በየዓመቱ በዚያ ወር ይመጣል።

ጃንዋሪ 7 ማሊንዲ ገቡ። ብርቱካን ለሕመምተኞቹ ለመኑ፤ ተሰጣቸው፤ ለብዙዎቹ ግን ዘግይቷል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳኦ ራፋኤልን በእሳት አቃጠሏት። ሦስት መርከብ የሚነዳ ሰው አልነበራቸውም።

ዕውቀቱ የት ነበር?

አንድ ፖርቱጋላዊ ይህን ባሕር ከዳ ጋማ በፊት ተመላልሶበት ነበር። ፔሮ ዳ ኮቪልያ ይባላል። በ1487 የፖርቱጋል ንጉሥ ሰላይ አድርጎ በየብስ ላከው። ከኤደን በነጋዴ መርከብ ወደ ሕንድ ተሻገረ፤ ካሊከትንና ጎዋን አየ፤ በኋላም የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ እስከ ሶፋላ ወረደ። እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ የነፋሱን ወር ጠብቆ ማለት ነው። ከካይሮም ያየውን ጽፎ ላከ።

ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ መጣ፤ በዐፄ እስክንድር ዘመን። ንጉሡ በ1494 ሞቱ። ከእሳቸው በኋላ የነገሡት ዐፄ ናዖድ ወደ አገሩ እንዲመለስ አልፈቀዱለትም። ርስት ተሰጠው፤ ሚስት አገባ፤ እዚሁ ኖረ። በ1520 የመጣው የፖርቱጋል ልዑክ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ አግኝቶታል። ዳ ጋማ በነፋስ እጦት ባሕር መሐል ተገትሮ ሳለ የነፋሱን ወር የሚያውቀው የአገሩ ሰው የእኛ ደጋ ላይ ይኖር ነበር። (የዳ ጋማ ቤትና የእኛ ታሪክ በሌላም በኩል ይገናኛሉ። በ1541 ከ400 ወታደሮች ጋር ምፅዋ ወርዶ በዓመቱ እዚህ የተገደለው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ የቫስኮ ልጅ ነው።)

የኮቪልያ ደብዳቤ ሊዝበን ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለው ዛሬም ያከራክራል። እኔ ስጦታውን ሳይ፣ የቤተ መቅደሱን ስሕተት ሳይ፣ ኦክቶበር 5ን ሳይ፣ ቢደርስም ይህን ጉዞ ያዘጋጁት ሰዎች እጅ አልገባም ወደሚለው አደላለሁ።

በሚቀጥለው ጉዞ ግን አልተሳሳቱም። በማርች 1500 ፔድሮ አልቫሬዝ ካብራል 13 መርከብ ይዞ ወጣ፤ የቤሪዮው ኒኮላው ኮኤልዮም አብሮት ነበር። ዳ ጋማ ስለ መንገዱ ምክር ሰጥቶታል። አትላንቲክን በሰፊው ሲዞሩ በጣም ከመስፋታቸው የተነሣ ኤፕሪል 22 ብራዚል ላይ ወጡ። ከሕንድ የተመለሱት ደግሞ በጃንዋሪ 1501 ነው፤ በሰሜን ምሥራቁ ነፋስ። በፌብሩዋሪ የአፍሪካ ጠረፍ ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የፖርቱጋል የሕንድ መርከቦች በቀን መቁጠሪያ የሚሠሩ ሆኑ። ከሊዝበን በማርች ወይም በኤፕሪል ይወጣሉ፤ ከሕንድ በዲሴምበር ወይም በጃንዋሪ ይነሣሉ። ዘግይቶ ምሥራቅ አፍሪካ የደረሰ መርከብ ባሕሩን አይሞክርም፤ ሞዛምቢክ ደሴት ላይ መልህቁን ጥሎ የሚቀጥለውን ሞንሱን ይጠብቃል።